የሙያ ፈቃድ ፈተናና በውጭ አገር የተማሩ ነርሶች፤ ስለ «ውጤት ወሳኝ ምክንያቶች» ጥናቶች የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

ፈተና የትምህርት መለኪያ ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። ይሁን እንጂ መለኪያው ራሱ በምን እንደተለካ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ተማሪ በፈተና ሲወድቅ «ለምን ወደቀ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያውኑ ወደ ተማሪው ይዞራል፤ ዕድሜው፣ ትጋቱ፣ የቋንቋ ችሎታው፣ የመጣበት ትምህርት ቤት ይመረመራል። ፈተናው የተዘጋጀበት ሥራና ተማሪው የቀሰመው ትምህርት ምን ያህል እንደሚገናኙ የሚጠየቀው ግን በመጨረሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይጠየቅም።

ይህ ዝንባሌ እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ፣ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለነርሶች የሚሰጠው ኤንክሌክስ የተባለው የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት መካከል በቅርብ ዓመታት ከመቶው ከ80 እስከ 90 የሚደርሱት ሲያልፉ፣ በሌሎች አገሮች ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት የሚያልፉት ግማሽ ገደማ ብቻ ናቸው። ወድቀው የሚደግሙት ውጤት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት ለመግለጽ ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል፤ አብዛኛዎቹም «በፈተናው ውጤት ላይ ተጽዕኖ የሚያደርጉ ምክንያቶች» የሚል ርእስ ወይም ይህን የመሰለ ዓላማ አላቸው።

ጉዳዩ ለአገራችን አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በሚኒሶታ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በአገራቸው ዋርድ ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉ ነርሶች ይገኛሉ። ከእነዚህም ውስጥ ፈቃዱን እስኪያገኙ ድረስ ነርሲንግ አሲስታንት በሚባለው የረዳትነት ሥራ፣ ሕሙማንን በማጠብና በማገላበጥ የሚተዳደሩ አሉ። በዚያ ሥራ የሚያፍር ሰው ሊኖር አይገባም፤ ነገር ግን አዋላጅ የነበረች፣ ደም መስጠትና መድኃኒት ማዘጋጀት ሙያዋ የነበረ ሴት ለአሥር ዓመት ያህል ከሙያዋ በታች ስትሠራ የሚባክነው የእርሷ ዕድሜ ብቻ አይደለም። እርሷን ለማስተማር የወጣው የሕዝብ ገንዘብና የመምህራን ድካምም አብሮ ይባክናል። ስለዚህ የመውደቅዋ ምክንያት በትክክል መታወቁ ቀላል ነገር አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጥናቶቹ የሚቆጥሯቸው ምክንያቶች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ የምክንያት ጥላዎች እንጂ ምክንያቶች አይደሉም። ዋናው ምክንያት የሚገኘው በተፈታኟ ውስጥ ሳይሆን በተማረችበት መርሐ ትምህርትና ፈተናው በተቀረጸበት የሥራ ዓለም መካከል ባለው ክፍተት ነው።

1. የፈተናው አመጣጥና አሠራር

ጥናቶቹን ለመመርመር አስቀድሞ የፈተናውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ባቋቋመው የነርሶች ቦርድ ነው። ቦርዶቹ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ በጋራ ባዘጋጁት ፈተና ይጠቀሙ ነበር። ፈተናው የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የእናቶች፣ የሕፃናትና የአእምሮ ሕሙማን አያያዝ እየተባለ በአምስት የትምህርት ዓይነቶች የተከፈለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የቦርዶቹ ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ኤንክሌክስ የቀድሞውን ፈተና ተካ። አዲሱ ፈተና በትምህርት ዓይነት መከፈሉን ተወ። ለውጡ ከላይ ሲታይ የአርእስት ለውጥ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የሚለካው ነገር ተለውጧል። የቀድሞው ፈተና ነርሷ ስለ በሽታው ምን ታውቃለች ብሎ ሲጠይቅ፣ አዲሱ በታካሚው አጠገብ ቆማ ምን ታደርጋለች ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ኮምፒዩተሩ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ አያቀርብም፤ በትክክል ለመለሰ ከበድ ያለውን፣ ለሳተ ቀለል ያለውን እየመረጠ የተፈታኙን የችሎታ ደረጃ ይፈልጋል። ደረጃው ከማለፊያው በላይ ወይም በታች መሆኑ 95 በመቶ እርግጠኛ በሆነ ጊዜ ፈተናው ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ተፈታኙ የሚያገኛቸው ጥያቄዎች ከ85 እስከ 150 ሲሆኑ፣ የተፈቀደው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት የአንድን ታካሚ ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እየተከተሉ ውሳኔን የሚጠይቁ ጥያቄዎች ተጨምረዋል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ተፈታኙ የከበደውን ጥያቄ አልፎ ሌላውን ሠርቶ መመለስ አይችልም። በአገራችን ትምህርት ቤቶች «የምታውቀውን አስቀድመህ ሥራ፤ የከበደህን ተመለስበት» የሚለው ምክር ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ ይሰጣል። በኤንክሌክስ ፊት ይህ ምክር ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ጥያቄዎቹ ከተፈታኙ ችሎታ ጋር እየተስተካከሉ ስለሚሄዱ ጎበዙም ደካማውም ግማሽ ያህሉን እንደሚስት ይሰማዋል። በክፍል ውስጥ ከመቶ 90 ማግኘት የለመደች ነርስ በመካከሉ የወደቀች መስሏት ልቧ ቢሰበር አያስደንቅም።

በውጭ አገር የተማሩ ነርሶች ችግር ከኤንክሌክስ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በተለይ ከፊሊፒንስ ብዙ ነርሶች ወደ አሜሪካ ገቡ፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ በግዛቶቹ ፈተና ወድቀው በረዳትነት ተቀጠሩ። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ የአሜሪካ የነርሶች ማኅበርና የነርስ ትምህርት ብሔራዊ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1977 የውጭ አገር ምሩቃን ነርሶችን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ የትምህርት ማስረጃን ይመረምር፣ ነርሶቹም ከአገራቸው ሳይነሡ የማጣሪያ ፈተና ይሰጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮም ኤንክሌክስ ራሱ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ከተሞች መሰጠት ጀመረ። እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ነርሶችን ተሰድዶ ከመውደቅ አድነዋል። ነገር ግን ማጣራት ማስተማር አይደለም፤ ክፍተቱ እስከ ዛሬ አለ።

2. ጥናቶቹ የሚቆጥሯቸው ምክንያቶች

በዚህ ርእስ የሚደረገው የተለመደ ጥናት መልኩ አንድ ነው። ለተፈታኞች መጠይቅ ይበተናል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የተማሩበት አገር፣ የሥራ ልምድ፣ ከምረቃ እስከ ፈተና ያለፈው ጊዜ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ የማዘጋጃ ኮርስ መውሰድና አለመውሰድ ይመዘገባል። ከዚያም እነዚህ ከማለፍና ከመውደቅ ጋር ያላቸው ዝምድና በስታቲስቲክስ ይሰላል። በመጨረሻም ዝምድናቸው የጎላው «ወሳኝ ምክንያቶች» ተብለው ይደረደራሉ። በዚህ አሠራር ላይ አራት ነቀፌታዎች ሊቀርቡ ይገባል።

የመጀመሪያው በጥናቱ ውስጥ የማይታዩትን ሰዎች ይመለከታል። ለፈተናው የሚቀመጠው የትምህርት ማስረጃው ተመርምሮ ያለፈ፣ በብዙ ግዛቶችም የእንግሊዝኛ መመዘኛን ያሟላ ሰው ነው። በየደረጃው ተስፋ ቆርጠው የቀሩት አይቆጠሩም። ከአገሩ ኮሌጅ ማስረጃው በቀጥታ እንዲላክለት ሲጽፍ ኖሮ መልስ ያላገኘው፣ ለማመልከቻና ለትርጉም የሚከፍለው ያጣው፣ ልጆቿን ለማሳደግ ሁለት ሥራ የያዘችው፣ ሁሉም ከስሌቱ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን በሩ ላይ ስለ ደረሱት እንጂ መንገድ ላይ ስለ ቀሩት አይደለም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከመጀመሪያው ይወለዳል። አንድ ወንፊት ሁሉንም ካጣራ በኋላ የቀሩት በዚያ ወንፊት ረገድ ተቀራራቢ ይሆናሉ። በአገራችን በቀድሞው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከፍተኛ ነጥብ ያመጡት ብቻ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ በእነርሱ መካከል የመልቀቂያ ነጥብ ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጋር የነበረው ዝምድና ደካማ ሆኖ ቢታይ፣ የመልቀቂያ ፈተና ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም ነበር፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ተቆርጧልና። የእንግሊዝኛ ውጤትም እንዲሁ ነው። መመዘኛውን ካለፉት መካከል ብቻ በሚደረግ ስሌት የቋንቋ ሚና ትክክለኛ መጠኑን አያሳይም። አንዱ ጥናት ቋንቋ ወሳኝ ነው፣ ሌላው አይደለም ቢል፣ ልዩነቱ ከወንፊቱ ጥበትና ስፋት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው «ከምረቃ ወዲህ ያለፈው ጊዜ» የሚባለውን ይመለከታል። ጊዜው በረዘመ መጠን የማለፍ ዕድል ይቀንሳል የሚለው ግኝት በተደጋጋሚ ይገኛል፤ እውነትነቱም አያጠራጥርም። ነገር ግን ጊዜ በራሱ ማንንም አይጥልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሆነው ነገር ነው የሚጥለው። አንዷ አምስት ዓመት በሆስፒታል ስትሠራ፣ ሌላዋ አምስት ዓመት ማስረጃዋን ስትጠብቅ ትኖራለች፤ በመጠይቁ ላይ ግን ሁለቱም «5 ዓመት» ይባላሉ። ኑሮ ፈተናውን ያዘገያል፣ መዘግየቱ ዕድልን ይቀንሳል፣ መውደቁ ደግሞ ተመልሶ ኑሮን ያከብዳል። ይህን ሽክርክሪት አንድ ቁጥር አድርጎ መጻፍና «ምክንያት» ብሎ መሰየም፣ ትኩሳትን ለክቶ የበሽታውን ስም አገኘሁ እንደ ማለት ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ነቀፌታ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ነገሮች በሙሉ የተፈታኟ ንብረቶች መሆናቸው ነው። ዕድሜዋ፣ ቋንቋዋ፣ አገሯ፣ የሞከረችበት ብዛት ይቆጠራል። ምን ተማረች? የተለማመደችበት ዋርድ ሥራ እንዴት ይከፋፈል ነበር? የትኞቹን ጥያቄዎች ሳተች? ለምንስ ያንን መልስ መረጠች? እነዚህ በመጠይቅ ለመቁጠር አስቸጋሪ ስለሆኑ ተትተዋል። ለመቁጠር የቀለለው ነገር ሁሉ ግን ምክንያት አይሆንም። ለመርሐ ትምህርት ባለሙያ የሚጠቅመውም የተተወው ክፍል ነው፤ የተፈታኝን ዕድሜ ማንም ሊለውጥ አይችልም፣ የተማረችውን ግን መለወጥ ይቻላል።

3. ጥያቄው የተጻፈበት ዋርድ

የተተወው ክፍል ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይገባል። ቀጥሎ ያሉት ከፈተናው የተወሰዱ ሳይሆኑ የጥያቄዎቹን ዓይነት ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው።

አንዲት ነርስ ተራዋ ሲጀምር አራት ታካሚዎች ተረክባለች። አንዱ ትናንት የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሕመም በርትቶብኛል ይላል። ሁለተኛዋ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን የደም ስኳርዋ ከፍ ብሏል። ሦስተኛዋ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ጥቂት ሰዓት ሆኗት፣ ድምፅዋ ሻክሮ ስትተነፍስ ያፏጫል። አራተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ስለ መድኃኒቱ መመሪያ ይጠብቃል። ጥያቄው «ነርሷ አስቀድማ የምታየው ማንን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ሦስተኛዋ ናት፤ የአየር መተላለፊያዋ እየተዘጋ ሊሆን ይችላልና። ስለ አራቱም ሕመሞች ጥሩ አድርጋ የተማረች ነርስ እንኳ ልትሳሳት ትችላለች። ጥያቄው የሚፈልገው የአራቱን ሕመሞች ዕውቀት ሳይሆን በአራቱ መካከል መፍረድን ነው። ስለ እያንዳንዱ ሕመም ለየብቻው «ዘርዝሪ»፣ «አብራሪ» እየተባለች የተፈተነች ተማሪ ይህን ፍርድ በክፍል ውስጥ አልተለማመደችም።

ሌላው ዓይነት «ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ብዙ ጊዜ «ለሐኪሙ ታሳውቃለች» ይሆናል። ለሐኪም ማሳወቅ በብዙ አገሮች የጥሩ ነርስ ምልክት ነው፤ ከሐኪም ትእዛዝ በፊት መንቀሳቀስ ድፍረት ተብሎ የሚያስወቅስባቸው ሆስፒታሎችም አሉ። ለፈተናው ግን መተንፈስ ያቃተውን ታካሚ ቀና አድርጎ ማስቀመጥን የመሰለ በነርሷ ሥልጣን ያለ እርምጃ ካለ፣ ስልክ ከማንሣት በፊት ይመጣል። ተፈታኟ የሳተችው የሕክምናውን ዕውቀት አይደለም፤ በሁለት አገሮች መካከል የተለያየውን የነርስ ሥልጣን ወሰን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ሥራን ስለ ማከፋፈል ይጠይቃል። በአሜሪካ ዋርድ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ፣ ዝቅ ያለ ፈቃድ ያላት ነርስና ነርሲንግ አሲስታንት አብረው ይሠራሉ፤ የትኛውን ሥራ ለማን መስጠት እንደሚገባ ማወቅ የሙያው አንድ ትልቅ ክፍል ነው። የእንክብካቤ አመራር የሚባለው ይህን የሚጨምረው ክፍል በፈተናው እቅድ ውስጥ ሰፊውን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ግን ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚያበላውና መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ዘመድ ነው። አስታማሚ በሌለበትና ረዳት በደመወዝ በተቀጠረበት ዋርድ ሥራን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ያላየች ነርስ፣ መልሱን ከየት ታመጣዋለች?

አራተኛውና ምናልባት እጅግ ረቂቁ ዓይነት ከታካሚ ጋር ስለሚደረግ ንግግር ነው። ታካሚዋ «ከዚህ በሽታ የምድን አይመስለኝም» ትላለች፤ ነርሷ ምን ብላ ትመልሳለች? በእኛ ባህል የሚመጣው መልስ ግልጽ ነው፤ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትድኛለሽ» ይባላል። ይህ የርኅራኄ ቃል ነው፤ እንዲያውም አለማለቱ እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። በኤንክሌክስ መለኪያ ግን ይህ ባዶ ማጽናኛ ተብሎ የተሳሳተ መልስ ይሆናል። ትክክለኛው «የሚያስጨንቅሽን ንገሪኝ» የሚለውን የመሰለ፣ ታካሚዋ ስሜቷን እንድትገልጽ በር የሚከፍት መልስ ነው። ስለ ከባድ ሕመም ለማን አስቀድሞ ይነገራል የሚለውም እንዲሁ ነው። በአገራችን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው በዘመድና በሽማግሌ በኩል፣ ጊዜና ቦታ ተመርጦ ነው፤ የመርዶ ሥርዓታችን ለዚህ ምስክር ነው። ፈተናው ግን ስለ ሕመሙ የማወቅና የመወሰን መብት የታካሚው የራሱ ነው ከሚለው ሕግ ይነሣል። እዚህ ላይ የሳተች ነርስ አላዋቂ አይደለችም፤ በሌላ ሥርዓት ጥሩ ሰው ናት።

በእነዚህ ላይ የጥያቄ አቀራረብ ይጨመራል። «ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያስፈልጋት የሚያሳየው የትኛው የታካሚዋ አነጋገር ነው?» ሲባል ትክክለኛው መልስ የተሳሳተው አነጋገር ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንብባ የምትረዳ ሴት በዚህ ልትደናቀፍ ትችላለች። ስለዚህ «ቋንቋ» ተብሎ በአንድ ቁጥር የሚመዘገበው ነገር በውስጡ ብዙ ነው፤ የቃላት ዕውቀት አለበት፣ የፈተና ልማድ አለበት፣ የሥራ ባህልም አለበት። በኢትዮጵያ፣ በፊሊፒንስና በናይጄሪያ የነርስነት ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ችግሩ መኖሩ፣ ቋንቋ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ያመለክታል።

4. የካናዳ ምስክርነት

ከላይ የተባለውን ለመፈተን፣ ተፈታኞቹ ሳይለወጡ ፈተናው ብቻ የተለወጠበት አጋጣሚ ቢገኝ መልካም ነበር። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በካናዳ ተገኝቷል። ከኩቤክ በቀር ያሉት የካናዳ ክፍላተ ሀገር እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የራሳቸውን ፈተና ትተው ኤንክሌክስን ተቀበሉ። የካናዳ ነርሶች የሚማሩት በበለጸገ አገር፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ነው፤ አብዛኛዎቹም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትነው ያለፉት 70 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ፤ ይህም በቀድሞው ፈተና ከለመዱት በጣም ያነሰ ነበር። ፈተናውን በፈረንሳይኛ የወሰዱት የኒው ብረንዝዊክ ተማሪዎች ደግሞ አብዛኛዎቹ ወደቁ፤ የትርጉሙን ጥራትና በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ መለማመጃ አለመኖሩን በመጥቀስም ከባድ ቅሬታ ቀረበ። በቀጣዮቹ ዓመታት ትምህርት ቤቶቹ ፈተናውን እየለመዱ ሲሄዱ የአገሪቱ ውጤት ከፍ አለ።

ይህን ውጤት ዕድሜ አይገልጸውም፤ የካናዳ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ አላረጁም። እንግሊዝኛ አይገልጸውም፤ ብዙዎቹ የተወለዱበት ቋንቋ ነው። የተማሪዎቹ ስንፍናም አይገልጸውም። የተለወጠው በመርሐ ትምህርቱና በፈተናው መካከል ያለው ዝምድና ብቻ ነው። ከጎረቤት አገር የመጣ ፈተና በካናዳ ልጆች ላይ ይህን ካደረገ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከማኒላ በመጣች ነርስ ላይ የሚያደርገውን በዕድሜዋና በሙከራዋ ብዛት ብቻ መግለጽ ፍትሕ አይሆንም።

5. ስለ ፈተናው ሊባል የሚገባው

ይህ ሁሉ ሲባል ፈተናው ይቅር ወይም የማለፊያው ደረጃ ዝቅ ይበል ማለት አይደለም። የፈቃድ ፈተና የሚቆመው ለተፈታኙ ሳይሆን አልጋ ላይ ለተኛው ታካሚ ነው። የአሜሪካ ዋርድ ሥራ በእርግጥ ቅድሚያ መስጠትን፣ ማከፋፈልንና በራስ መወሰንን ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱም የፈተናውን ይዘት የሚወስነው አዲስ ፈቃድ ያገኙ ነርሶች በየቀኑ የሚሠሩትን በየጊዜው እያጠና ነው። ለማይመለስ ታካሚ ማንን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ ያላወቀች ነርስ ጥፋትዋን በይቅርታ አታስተካክለውም። በዚህ ረገድ ፈተናው ለቦታው ትክክለኛ ነው።

ሆኖም ከዚሁ አሠራር አንድ መዘዝ ይመጣል። ይዘቱ የሚቀዳው ከአዲስ የአሜሪካ ነርስ ሥራ ስለሆነ፣ 15 ዓመት የሠራች የውጭ አገር ነርስ የምትለካው አይታው በማታውቀው ዋርድ ውስጥ እንዳለች ጀማሪ ነው። ልምዷ ሊረዳት ቀርቶ አንዳንድ ጊዜ ይጎዳታል፤ የምትመልሰው በሠራችበት ቤት እንደሚደረገው ነውና። ስለዚህ ውድቀትዋ «ይህን ዋርድ ገና አላወቀችም» ማለት ሲሆን፣ «ነርስነትን አታውቅም» ተብሎ መነበቡ ስሕተት ነው። ሁለቱ አነባበቦች የሚያስከትሉት መፍትሔ ይለያያል። ሁለተኛው እንደገና ከመጀመሪያው ተማሪ ይላታል። የመጀመሪያው ግን ዋርዱን አሳዩአት ይላል።

ከዚህ አንጻር በገበያ ላይ የሞሉት የማዘጋጃ መጻሕፍትና ኮርሶችም ሂስ ይገባቸዋል። ብዙዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን በማስደጋገም «የአየር መተላለፊያ ያለበትን ምረጪ»፣ «ሐኪም ጥሪ የሚለውን ተዪ» እያሉ የመምረጫ ዘዴ ያስጠናሉ። ዘዴው አንዳንዷን ያሳልፋት ይሆናል። የዘዴውን ምክንያት ያልተረዳች ግን ሐኪሙ በእርግጥ ወዲያው ሊጠራ በሚገባበት ጥያቄ ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያም የከፋው፣ በእውነተኛው ዋርድ ላይ ትሳሳታለች።

መደምደሚያ

ይህ ጉዳይ ለአገራችን የትምህርት ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በኢትዮጵያ የጤና ሙያ ምሩቃን ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የከፍተኛ ትምህርት መውጫ ፈተና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘናም አለ። ውጤት በተገለጸ ቁጥር ተመራማሪው እጁ ወደለመደው መጠይቅ እንዳይሮጥ ያሰጋል፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመግቢያ ነጥብ፣ የመጡበት ተቋም ተቆጥሮ «ወሳኝ ምክንያቶች» ይባላሉ፤ መርሐ ትምህርቱ ግን ሳይነካ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ጥናት ከፈተናው አዳራሽ በር ሳይሆን ከማመልከቻው ዕለት ይጀምር፤ መንገድ ላይ የቀሩትም ይቆጠሩ። ሁለተኛ፣ አጠቃላይ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሳይሆን በየጥያቄው ዓይነት የተገኘው ውጤት ይመርመር፤ ጥቂት ተፈታኞችም በተመሳሳይ መለማመጃ ጥያቄዎች ላይ ተቀምጠው ለምን ያንን መልስ እንደመረጡ በቃላቸው ያስረዱ። አሥር ሰዎችን በዚህ መንገድ ማዳመጥ ሺህ መጠይቅ የማይነግረውን ይነግራል። ሦስተኛ፣ መምህራን በክፍል ውስጥ የሚያወጡት ፈተና «ዘርዝር» ከማለት አልፎ፣ ከሁለት መልካም ነገሮች የትኛው ይቅደም ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ይህ ወደ ውጭ ለመሄድ ለሚያስበው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ብዙ ሕሙማን በምትጠብቅበት በአገራችን ዋርድ ማንን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ ማወቅ ከየትኛውም አገር ይልቅ ያስፈልጋል።

ፈተና የወደቀች ነርስን ስለ ዕድሜዋና ስለ እንግሊዝኛዋ መጠየቅ ቀላል ነው። ምን እንደተማረችና ማን እንዳስተማራት መጠየቅ ግን ጥያቄውን ወደ መርሐ ትምህርት አዘጋጁና ወደ መምህሩ ይመልሰዋል። ጥናቱ ሊጀመር የሚገባውም ከዚያ ነው።